በሙገርና በጀማ ሸለቆዎች የሚታዩ የጥንት ድንጋይ ንብርብሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎጃም መንገድ፣ ከእንጦጦ ወዲያ ለምንኖር ሰዎች ቅዳሜና እሁድ እንግዳ አይጠፋም። ሰው ከከተማ ይመጣል፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ መጠየቅ ይጀምራል። «ያ ነጩ ምንድነው? ቀዩስ? ለምን እንዲህ ተደራረበ?» ብዙ ጊዜ የሚመጡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የጭላዳ ነገር ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ አልነካሁትም። ምሳችሁን ጠብቁ፣ በቃ።

አዲስ አበባ ውስጥም ወንዝ ሞልቷል። ቀበና ወይም አቃቂ ዳር ይሄ ነገር ለምን አይታይም?

አዲስ አበባ የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ነው። እንጦጦም፣ ወጨጫም፣ ፉሪም የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። ለቤት መሠረት ሲቆፈር የሚወጣው ጥቁር ድንጋይም ሆነ ሰፈር ውስጥ የሚነጠፈው ኮብልስቶን የዚያው ዘር ነው። የከተማዋ ወንዞች የሚቆርጡት ይህንኑ ድንጋይ ነው። የአቃቂ የውሃ ጉድጓዶች እንኳ ያን ያህል ተቆፍረው ውሃ የሚያወጡት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው። እኛ የምናወራለት የጥንት ደለል አለት (አሸዋ፣ ጭቃና ኖራ ተከማችቶ የጠነከረው) ከዚህ ሁሉ ስር ተቀብሯል።

ልዩነቱ የሚመጣው ወንዞቹ ከሚሄዱበት አቅጣጫ ነው። በእንጦጦ ደቡብ በኩል የዘነበ ዝናብ በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባህር ሳያይ አፋር ላይ ይቀራል። በእንጦጦ ሰሜን የዘነበው ግን በሱሉልታ ሜዳ አልፎ፣ በሲቢሉ አድርጎ ሙገር ይገባል። ሙገር ወደ አባይ፣ አባይ ወደ ናይል፣ ናይል ወደ ሜዲትራኒያን። አንድ ተራራ ላይ፣ በአንድ ከሰዓት የዘነበ ዝናብ ነው እንግዲህ። አባይ አልጋውን እጅግ አጥልቆ ስለቆፈረ ገባሮቹም አብረውት መውረድ ነበረባቸው። ሙገርና ጀማ የላይኛውን የእሳተ ገሞራ ክዳን በስተው ታች ያለውን ያወጡት ለዚህ ነው።

የት ሄጄ ልያቸው?

ቅርቡ ደርባ ነው። ሱሉልታን አልፋችሁ፣ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጫንጮ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፋችሁ እስከ ሙገር ገደል ጫፍ መሄድ ነው። መኪና የሌለው ሰው ከአዲሱ ገበያ ተሳፍሮ ጫንጮ ከገባ በኋላ እዚያ ሌላ ይይዛል።

ሁለተኛው ደብረ ሊባኖስ ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ገዳሙ ጋ ከመውረዳችሁ በፊት ሰው «የፖርቹጋል ድልድይ» ወደሚለው የድንጋይ ድልድይ ጎራ በሉ። የራስ ዳርጌ ድልድይ ብትሉት ይሻላል፤ ፖርቹጋል ስሙ ላይ እንጂ ድንጋዩ ላይ የለችም። ከድልድዩ አጠገብ የጀማ ተፋሰስ ሸለቆ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሙሉውን ማየት የፈለገ ግን ጎሃ ጽዮን ድረስ ሄዶ በደጀን መንገድ ወደ አባይ ድልድይ መውረድ አለበት። የሦስቱንም ሸለቆዎች ድንጋይ የሚያያይዘው የዚያ መንገድ ዳር ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ወራት ጥሩ ናቸው፤ አየሩ ይጠራል። ጠዋት ማለዳ ወይም ወደ 11 ሰዓት ገደማ ከሰዓት ብትደርሱ ጥላው ንብርብሩን ያወጣዋል። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ይመስላል።

ከላይ እስከ ታች ምን ምን አለ?

ከምትቆሙበት እንጀምር። እግራችሁ ስር ያለው ባሳልት ነው፣ ጥቁሩ ድንጋይ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት ተሰንጥቆ፣ ላቫ በተደጋጋሚ ፈስሶ የሰሜን ምዕራብን ደጋ ያለበሰው ነው። መንገድ የቆረጠው ቦታ ላይ ጠጋ ብላችሁ እዩ። በሁለት ጥቁር ንብርብሮች መሀል ቀጭን ቀይ መስመር ታገኛላችሁ። ቀዩ አፈር ነው። አንዱ ላቫ ፈስሶ ከቀዘቀዘ በኋላ ላዩ ላይ አፈር ሆኗል፣ ሳር በቅሎበታል፣ ከዚያ ሌላ ላቫ መጥቶ አቃጥሎ ቀብሮታል። እኔ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ይሄንን ነው። ላቫው በአንድ ጀምበር እንዳልፈሰሰ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ከባሳልቱ ስር አሸዋ ድንጋይ አለ። ነጣ ያለ፣ አንዳንዴም ቀላ ያለ፣ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ የቆመ ነው። የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ ይባላል። የክሪቴሸስ ዘመን ነው፤ ክሪቴሸስ ማለት ከ145 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ጊዜ ነው። አሸዋውን ያመጡት ወንዞች ናቸው። ድንጋዩ ላይ ሰያፍ መስመሮች ካያችሁ ወንዙ አሸዋውን እየገፋ የከመረበት አቅጣጫ ነው። መስመሮቹ ወደ ታች የሚያዘነብሉበት ወገን ውሃው የሄደበት ወገን ነው።

ቀጥሎ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ይመጣል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ግራጫ፣ ሁሉም ቀለም አለበት። ለስላሳ ስለሆነ ገደል አይሠራም፤ ተዳፋት ይሆናል፣ ቁጥቋጦ ይበቅልበታል፣ ገበሬ ያርሰዋል። ከክሪቴሸስ በፊት ያለው የጁራሲክ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ እዚህ የነበረው ባህር ሲሸሽ፣ በባህር ዳርና በወንዝ ሜዳ ላይ የተጋገረ ጭቃ ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑ ከላይ ካለው ገደልና ከታች ካለው ነጭ ድንጋይ ላይ ስለሚያርፍ ይሄን ይዘለዋል። ለእኔ ግን የሸለቆው ምርጥ ክፍል እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እናየዋለን።

ከጭቃ ድንጋዩ ስር የኖራ ድንጋይ አለ። አንታሎ ይባላል። ቢጫ የተቀባ ነጭ የሚመስል፣ በደንብ የተነባበረ፣ ዛጎል የሞላበት። ጁራሲክ ነው። ስሚንቶ ፋብሪካዎቹን ያመጣቸው ይሄ ነው። በደርባ በኩል በቀላሉ የሚታየው እስከዚህ ድረስ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ለማየት አባይ በረሃ መውረድ ይሻላል። ከኖራው ስር ጂፕሰም፣ ሼል (በስሱ የሚሰነጠቅ ጭቃ ድንጋይ) እና ዶሎማይት (የኖራ ድንጋይ ዘመድ) እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ጎሃ ጽዮን የሚባለው ክፍል አለ። ጂፕሰም ማለት ቤት የሚለሰንበት የጀሶ ጥሬ ዕቃ ነው። ጥልቀት የሌለው ባህር፣ ሙቀት፣ የሚተን ጨዋማ ውሃ፤ እንዲህ ዓይነት ቦታ ነበረ። መጨረሻ ላይ፣ ድልድዩ አካባቢ፣ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ አለ። ቀይ ነው። ከትራያሲክ (ከጁራሲክ በፊት ካለው ዘመን) እስከ ጁራሲክ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ወንዞች ያነጠፉት ነው። ያኔ አፍሪካ፣ ህንድ፣ ማዳጋስካር፣ ደቡብ አሜሪካ፣ አውስትራሊያና አንታርክቲካ አንድ አህጉር ነበሩ።

በአባይ ሸለቆ ውፍረቱ ሲለካ አዲግራት 300 ሜትር ገደማ፣ ጎሃ ጽዮን 450፣ አንታሎ 400፣ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ 280 ይደርሳል። በድምሩ 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ደለል ማለት ነው፣ ባሳልቱ ሳይቆጠር። በየቦታው ውፍረቱ ይለያያል፣ አንዳንዱም ክፍል አንዳንድ ቦታ ላይ ሳስቶ ሊጠፋ ይችላል።

በእርግጥ እዚህ ባህር ነበረ? ሱሉልታ ላይ?

አዎ። ይሄን ስነግራቸው ከሚስቁት ሰዎች ብዙዎቹ ዛጎሉን በእጃቸው ሲይዙ ዝም ይላሉ።

አንታሎ ውስጥ ያሉት ፍጥረታት ባህር እንጂ ሐይቅ ውስጥ የማይኖሩ ናቸው። ኮራል አለ። የባህር ጃርት አለ። ሁለት ክፋይ ያላቸው፣ ጥፍር የሚያህሉ፣ ብራኪዮፖድ የሚባሉ ዛጎሎች ተከማችተው ይገኛሉ። አልፎ አልፎም ተጠቅልሎ የበግ ቀንድ የመሰለ፣ አሞናይት የሚባል ዛጎል ይወጣል። ኮራል ጨዋማ፣ ሞቃትና ብርሃን የሚገባው ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ባህሩ በአመዛኙ ጥልቅ አልነበረም።

ውሃው የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ ነው። ያ ትልቁ አህጉር መሰንጠቅ ሲጀምር፣ ዛሬ ሶማሌ ክልልና ሕንድ ውቅያኖስ ባሉበት በኩል መሬቱ ሰጠመ፤ ባህሩም ቀስ እያለ ወደ ሰሜን ምዕራብ ገባ። በዚህ መንገድ ስታዩት ንብርብሩ ራሱ ታሪኩን ይተርካል። ከታች የወንዝ አሸዋ። ከዚያ የባህር ዳር ጨው መሬት። ከዚያ ባህር። ከዚያ ባህሩ ሲሸሽ የቀረ ጭቃ። ከዚያ እንደገና የወንዝ አሸዋ። ባህሩ ገባ፣ ቆየ፣ ወጣ።

«ታዲያ ባህር ከነበረ አሁን እንዴት ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተገኘ?» ተብሎ ይጠየቃል። ባህሩ ከፍ ብሎ አይደለም፤ መሬቱ ነው የተነሳው። ከስር የመጣው ትኩስ ነገር ባሳልቱን ብቻ አልተፋም፣ አገሩን ሁሉ ወደ ላይ አንስቶታል። የኢትዮጵያ ደጋ ደጋ የሆነው በዚያ ነው። አባይም መሬቱ ሲነሳለት ጊዜ ይበልጥ መቆፈር ጀመረ።

ከታች ያለው ሁልጊዜ ይቀድማል?

መነሻው ሕግ እሱ ነው። ኒኮላስ ስቴኖ የሚባል የዴንማርክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1669 የጻፈው ነው። አሮጌ ቤት ቀለሙ ሲላጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ላይ ያለው ቢጫ ካለፈው ዓመት፣ ስሩ ያለው አረንጓዴ ከዚያ በፊት፣ ከሁሉ ስር ያለው ሰማያዊ አባወራው ሲያገቡ የተቀባ። ድንጋዩም እንደዚያው ነው።

ግን ሸለቆው ውስጥ ይሄን ሕግ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትከተሉ። በተለይ ሁለት ነገር ሰውን ያሳስታል። አንደኛው ናዳ ነው። የሙገርና የአባይ ተዳፋቶች ናዳ ይወዳሉ። ከላይ ጠንካራ ድንጋይ፣ ከስር ለስላሳ ጭቃና ጂፕሰም ያለበት ቦታ ሁሉ ክረምት ሲመጣ ይንሸራተታል። ቤት የሚያህል የባሳልት ቁራጭ ወርዶ ኖራው መሀል ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። አጠገቡ ያለውን ሳታዩ «አሃ፣ ባሳልት ከኖራ ስርም አለ» ብትሉ ስህተት ላይ ትወድቃላችሁ። ከጎሃ ጽዮን ደጀን ያለውን መንገድ በየጊዜው የሚያስቸግረውም ይሄው መንሸራተት ነው።

ሁለተኛው ዳይክ የሚባለው ነው። ላቫው ወደ ላይ ሲወጣ በስንጥቅ ነው የወጣው። ስንጥቁ ውስጥ የቀዘቀዘው ጥቁር ድንጋይ እንደ አጥር ቀጥ ብሎ ነጩን ንብርብር ቆርጦ ያልፋል። የቆረጠው ከተቆረጠው ያነሰ ዕድሜ አለው። ከስር ቢሆንም።

ዕድሜውን እንዴት አወቁት?

ባሳልቱ ቀላል ነው። ውስጡ ያለው ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ይለወጣል፤ በቤተ ሙከራ ይለካል። ደለል አለት ግን እንዲህ አይለካም፤ ምክንያቱም አሸዋው ከሌላ ቦታ፣ ከሌላ ዕድሜ የመጣ ነው። የአሸዋውን ቅንጣት ብትለኩት የሚነግራችሁ የእናት ድንጋዩን ልደት ነው።

ስለዚህ ቅሪተ አካል ያስፈልጋል። አንድ ዓይነት አሞናይት ወይም ብራኪዮፖድ በዓለም ላይ የኖረው ለተወሰነ ጊዜ ነው። ሌላ አገር ዕድሜው በደንብ በተለካ ድንጋይ ውስጥ ካለው ጋር ይነጻጸራል። ጭቃ ድንጋዩ ውስጥ ደግሞ ዛጎሉ ስለሌለ፣ በዓይን የማይታይ የጥንት ዕፅዋት ብናኝ ተፈልጎ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ላዩ ላይ ያለው አሸዋ ድንጋይ ቅሪተ አካል ንፉግ ነው፤ ዕድሜው ላይ ባለሙያዎች የሚከራከሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአሸዋ ድንጋዩና በባሳልቱ መሀል ምን ተፈጠረ?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ከሁሉም የምወደው ነው።

አሸዋ ድንጋዩ ክሪቴሸስ ነው። ባሳልቱ 30 ሚሊዮን ዓመት ነው። ክሪቴሸስ ያለቀው ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ሂሳቡን ሥሩት። ቢያንስ 36 ሚሊዮን ዓመት የለም። ዳይኖሰሮች ከጠፉ በኋላ አጥቢ እንስሳት ዓለምን ሲወርሱ እዚህ አገር ምን እንደነበረ የሚነግር ድንጋይ በዚህ ሸለቆ ውስጥ አልተቀመጠም።

ወይ ምንም ደለል አልተከማቸም፣ ወይ የተከማቸው ተጠርጎ ሄዷል። መሬቱ ደረቅና ከፍ ያለ ነበር፤ ዝናብና ንፋስ ይበሉት ነበር። ላቫው የፈሰሰው በተበላው ገጽ ላይ ነው። ደብረ ሊባኖስ ስትሄዱ ነጩ ድንጋይና ጥቁሩ ድንጋይ የሚገናኙበትን መስመር ፈልጉ። ጣታችሁን መስመሩ ላይ ብታደርጉ፣ ከጣታችሁ በላይና በታች ባለው ድንጋይ መሀል ያለው ጊዜ ከሰው ልጅ ታሪክ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ድንጋዩ ላይ ግን ውፍረት የለውም። አንዳንድ ቦታ ወጣ ገባ ይላል፣ አንዳንድ ቦታ ቀጥ ያለ ነው። በቃ መስመር ነው።

ሸለቆው ለምን ደረጃ ደረጃ ሆነ?

ጠንካራው ገደል ይሆናል፣ ለስላሳው ተዳፋት። ባሳልት ገደል፣ አሸዋ ድንጋይ ገደል፣ ጭቃ ድንጋይ ተዳፋት፣ ኖራ እንደገና ገደል፣ ጂፕሰምና ሼል ተዳፋት፣ የታችኛው አሸዋ ድንጋይ ገደል። ይሄን ካወቃችሁ ከሩቅ ሆናችሁም ማንበብ ትችላላችሁ። ገበሬው ቤቱን የሠራውና ማሳውን ያረሰው ተዳፋቱ ላይ ነው። ምንጩም ብዙ ጊዜ የሚፈልቀው ገደሉ እግር ስር፣ ውሃ የሚያሳልፈው ድንጋይ ከማያሳልፈው ጭቃ ጋር በሚገናኝበት ነው። እንስራ ወይም ጀሪካን የተሸከሙ ሰዎች የሚመላለሱበትን ቀጭን መንገድ በዓይናችሁ ተከተሉት፤ ያን መገናኛ ብዙ ጊዜ ያሳያችኋል።

ዳይኖሰር አለ?

አለ፤ ግን ፊልም ላይ ያያችሁት ዓይነት አትጠብቁ።

የሙገርን ጭቃ ድንጋይ ምርጥ ያልኩት ለዚህ ነው። በጀማ ሸለቆ አካባቢ፣ ከዚህ ድንጋይ ውስጥ ተመራማሪዎች የሥጋ በል ዳይኖሰሮች ጥርስ አግኝተዋል። የአዞ፣ የኤሊና የዓሣ ቅሪትም አለ። ብዙው ጥቃቅን ነው። ሥራው ጭቃውን ሰብስቦ፣ አጥቦ፣ በወንፊት አጣርቶ፣ የቀረውን አንድ በአንድ መለየት ነው። ጤፍ ለቃሚ ትዕግስት ይጠይቃል።

ዋጋው ግን ትልቅ ነው። በአፍሪካ የጁራሲክ ማብቂያ የየብስ እንስሳት የሚገኙባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ በጣም የታወቀው የታንዛኒያው ተንዳጉሩ ነው። የእኛው ሸለቆ ከጥቂቶቹ አንዱ መሆኑን አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው አያውቀውም።

ጥርስ ወይም ዛጎል ባገኝ ይዤው መሄድ እችላለሁ?

አይቻልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅሪተ አካልንም ይጨምራል። ያገኛችሁትን ባለበት ተዉት፣ ፎቶ አንሱ፣ ጎኑ ላይ ለመጠን ማሳያ ሳንቲም ወይም እስክሪብቶ አስቀምጡ፣ ቦታውን በስልካችሁ መዝግቡ፣ ለቅርስ ባለስልጣን ወይም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ከቦታው የተነሳ ጥርስ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ስለማይታወቅ ግማሽ ዋጋውን ያጣል።

ድንጋዮቹን በእጄ እንዴት ልለያቸው?

መሣሪያ አያስፈልግም። ጥፍር፣ ሚስማር፣ የጠርሙስ ስባሪና አቼቶ ይበቃል።

ጥፍራችሁ ከጫረው ጂፕሰም ነው። ሚስማር በቀላሉ ከጫረው ኖራ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩ ራሱ ጠርሙሱን ከጫረ አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ምክንያቱም ቅንጣቶቹ ኳርትዝ ናቸው፣ ኳርትዝ ደግሞ ከብርጭቆ ይጠነክራል። ጭቃ ድንጋይ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ይለሰልሳል፣ ጣት ላይም ቀለሙን ይተዋል።

አቼቶው ለኖራ ነው። ድንጋዩን በሚስማር ፈቅፍቁት፣ ዱቄቱ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ አድርጉ፣ ጆሯችሁን አስጠጉ። ዓይን ሳያይ በፊት ጆሮ ይሰማዋል፤ ቀስ ያለ የ«ሽሽ» ድምፅ፣ ከዚያ ጥቃቅን አረፋ። ሳይፈቀፈቅ በደረቅ ድንጋይ ላይ ካደረጋችሁት ምንም ላታዩ ትችላላችሁ። ዶሎማይትም በዱቄቱ ላይ እንኳ እምብዛም አያፈላም፤ ስለዚህ አልፈላም ብላችሁ ኖራ አይደለም አትበሉ፣ ደግማችሁ ሞክሩ። ጂኦሎጂስቶች የሚጠቀሙት የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። የመኪና ባትሪ አሲድ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፤ እባካችሁ ተዉት።

ስሚንቶው ከዚህ ነው የሚመጣው?

የአዲስ አበባ ፎቆች ብዙ ክፍላቸው የጁራሲክ ባህር ወለል ነው ብል ማጋነን አይደለም። የሙገር ስሚንቶ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ ሲጀምር እዚህ የተቀመጠው ኖራው ስለነበረ ነው። የደርባውም እንደዚያው።

የኖራ ድንጋዩ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጋገራል፤ ክሊንከር ይሆናል። ክሊንከሩ ሲፈጭ ትንሽ ጂፕሰም ይጨመርበታል። ጂፕሰሙ ባይኖር ግንበኛው ውሃ ጨምሮ ሳያማስል ይደርቅበት ነበር። ኖራና ጂፕሰም፣ ሁለቱም ከአንድ ባህር፣ ባህሩ በገባበትና በቆየበት ጊዜ ከተከማቹ ሁለት ንብርብሮች። የላይኛው አሸዋ ድንጋይም አልቀረለትም፤ ኳርትዙ ንጹህ በሆነበት ቦታ ለመስታወትና ለጠርሙስ የሚሆን የሲሊካ አሸዋ ያወጡበታል።

ካባው፣ ማለትም ድንጋይ ማውጫው፣ ድንጋዩን ይበላል፣ እውነት ነው። ግን አዲስ የተቆረጠ ግድግዳ ለጂኦሎጂ ተማሪ ከተፈጥሮ ገደል የበለጠ ንጹህ ገጽ ይሰጣል። እኔ ይሄን ነገር ሁለት ልብ ሆኜ ነው የማየው። ካባ ውስጥ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈንጂ ይጠቀማሉ።

አዲግራትና አንታሎ ትግራይ ናቸው። ስማቸው ሸዋ ምን ያደርጋል?

ስሙን ያወጣው ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የእንግሊዝ ጂኦሎጂስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የናፒየር ጦር ዓፄ ቴዎድሮስን ሊገጥም ከዙላ ወደ መቅደላ ሲጓዝ አብሮ ነበር። በመንገዱ ያየውን ድንጋይ ባየበት ቦታ ስም ሰየመው፤ አዲግራት፣ አንታሎ፣ አሸንጌ፣ መቅደላ። ዝርዝሩን በካርታ ላይ ብታስቀምጡት የጦሩን ጉዞ ይሰጣችኋል። እዚህ ሸዋ ያሉት ንብርብሮች ከዚያኞቹ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆኑ ስሙም አብሮ መጣ።

በብላንፎርድ መንገድ ያልነበሩት ግን ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አካባቢ ነው። ጎሃ ጽዮን የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1981 ያስገባው የአገራችን ጂኦሎጂስት ጌታነህ አሰፋ ነው።

ነዳጅስ? ሶማሌ ክልል ካለ እዚህ ለምን አይኖርም?

ጥያቄው ሞኝ አይደለም። ኦጋዴን ውስጥ የካሉብ ጋዝ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፤ ከያዙት ድንጋዮች አንዱም አዲግራት ነው፣ ያው የእኛው። ወሎ ውስጥ ወረ ኢሉ አካባቢም ዘይት ከመሬት ሲወጣ ታይቷል።

ግን ነዳጅ እንዲጠራቀም ድንጋዩ ብቻ አይበቃም። ከላይ የሚከድን፣ ከጎን የሚያግድ ነገር ይፈልጋል። አባይ፣ ሙገርና ጀማ ንብርብሩን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀው ከፍተውታል። በሸለቆው ዳር የነበረ ጋዝ ቢኖር መውጫ አላጣም። ከሸለቆው ርቆ፣ ባሳልቱ ስር ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ቁፋሮ እንጂ ወሬ አይፈታውም።

ልጆች ይዤ ልውረድ?

ጫፍ ላይ ለማየት፣ አዎ። ለመውረድ ግን ትልልቆቹን ብቻ። ጭቃ ድንጋዩ ዝናብ ከነካው ሳሙና ነው፤ ክረምት ላይ አትሞክሩት። መውጣቱ ከመውረዱ እጥፍ ጊዜ ይፈጃል፣ ታች ያለው ሙቀት ደግሞ ከላይ እንዳለው አይደለም፤ ውሃ በዛ አድርጋችሁ ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ማሳ ውስጥ ከማለፋችሁ በፊት ባለቤቱን ሰላም በሉ፣ አስፈቅዱ። ከአካባቢው አንድ ሰው አስከትላችሁ ውረዱ፣ አበልም ክፈሉት፤ ባለፈው ክረምት የቱ ጋ እንደተናደ የሚያውቀው እሱ ነው።